በአንድ መንደር በሽታ ሲበዛ እንዴት ይመረመራል?

በአንድ መንደር ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲታመም «ቡዳ ነው»፣ «እርግማን ነው»፣ «የእገሌ ቤት ጣጣ ነው» ይባላል። እንዲህ ያለው ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል እንጂ የታመመውን አያድንም። ስለዚህ የጤና ሠራተኞች ምክንያቱን እንዴት እንደምንፈልግ ለእናቶች እንገልጻለን።

አንደኛ፤ ሕመሙ አንድ ዓይነት መሆኑን እናጣራለን። አንዱን ልጅ ተቅማጥ ይዞት ሌላውን ቢያስለው፣ ሁለት በሽታ ባንድ ሳምንት ገጠመ እንጂ አንድ ወረርሽኝ አይደለም።

ሁለተኛ፤ የታመሙትን ቆጥረን የዘንድሮውን ካምናው ጋር እናስተያያለን። አንዳንድ ጊዜ እንዲያው መገጣጠም ብቻ ይሆናልና።

ሦስተኛ፤ ማን፣ የት፣ መቼ እንደታመመ እንጠይቃለን። ጤነኛውንም እንጠይቃለን። የታመሙት በልተውት ወይም ጠጥተውት ጤነኞቹ ያልቀመሱት ነገር ካለ፣ ጥርጣሬያችን ወደዚያ ያመራል።

አራተኛ፤ የተጠረጠረውን ውሃና እህል፣ የሕሙማኑንም ደም በላቦራቶሪ እናስመረምራለን።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንስጥ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ ይታመሙ ጀመር፤ ብዙዎችም ሞቱ። ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የታመመበት ጊዜ ነበር። ምርመራው ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ጉበታቸውን የጎዳው መርዝ መሆኑ ታወቀ። መርዙም አጀራተም ከሚባል አረም እንደመጣ ጥናቱ አመለከተ። የአረሙ ፍሬ ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ከጎተራ ወደ ማዕድ ይገባ ነበር። ቡዳም እርግማንም አልነበረም።

እንግዲህ እናቶች፣ የሚከተለውን አስታውሱ።

ሁለት ሦስት ሰው ባንድ ዓይነት ሕመም ሲያዝ በዚያው ቀን ለጤና ኬላ አስታውቁ። የምርመራውን ውጤት ሳትጠብቁም ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

መርማሪ ሲጠይቃችሁ ከወንዝ መቅዳታችሁን ወይም የከረመ ምግብ መብላታችሁን አትደብቁ። የምንጠይቀው ለመውቀስ ሳይሆን ምክንያቱን ለማግኘት ነው።

የጠረጠራችሁትን እህል አትብሉ፤ ለምርመራ እንዲሆን ግን ጥቂት ለይታችሁ አስቀምጡ።

በማሳ ያለውን አረም ፍሬ ሳይይዝ ንቀሉ። እህሉንም ወፍጮ ቤት ከመላካችሁ በፊት አበጥሩ፣ ልቀሙም።