በምጥና በቀዶ ሕክምና መውለድ ለሕፃኑ ያላቸው ልዩነት፦ ከጠዳ ሆኖ ሲመዘን

መግቢያ

ጠዳ ከጎንደር በስተደቡብ፣ ከአዘዞ አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አዋላጆችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ መቀመጫም ናት። ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ የአካባቢው ዋና የሪፈራል ሆስፒታል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። በዚህ የሪፈራል መሥመር ላይ የሚሠራ ባለሙያ ዘወትር ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ፣ ለሕፃኑ የሚበጀው በምጥ መወለድ ነው ወይስ በቀዶ ሕክምና የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማስረጃውን በመፈተሽ፣ መልሱ ንጽጽሩ ከምን ጋር እንደተደረገ በማየት የሚወሰን መሆኑን ማሳየት ነው።

ሁለት ተቃራኒ ችግሮች

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ በቀዶ ሕክምና የሚወለዱ ሕፃናት ድርሻ እስከ 10 በመቶ ሲያድግ የእናቶችና የአራስ ሕፃናት ሞት እንደሚቀንስ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ተጨማሪ ቅናሽ እንደማይታይ ገልጿል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት አገራዊውን ድርሻ 2 በመቶ፣ የአዲስ አበባን ደግሞ 21 በመቶ ያህል አድርጎ መዝግቧል። ስለሆነም በአንድ አገር ውስጥ አገልግሎቱ ሳይደርሳቸው የሚቀሩ እናቶችና ያለ በቂ የሕክምና ምክንያት ሊሰጣቸው የሚችል እናቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለአንደኛው ወገን የተሰጠ ምክር ለሌላው ጎጂ ሊሆን ይችላል።

የሳንባ ሽግግር

ጽንሱ በማሕፀን ሳለ ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ነው። ምጥ ሲጀምር በሕፃኑ ደም ውስጥ የሚጨምሩት ሆርሞኖች የሳንባው ሕዋሳት ፈሳሹን መጥጠው እንዲያስወግዱ ያነሣሣሉ። ምጥ ሳይጀምር በቀጠሮ በቀዶ ሕክምና የተወለደ ሕፃን ይህን ዝግጅት ስለማያገኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የመተንፈስ ችግር ሊገጥመው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ከ34 ሺህ በላይ ልደቶችን መርምሮ፣ በቀጠሮ በቀዶ ሕክምና የተወለዱትን በምጥ ለመውለድ ከታሰበላቸው ሕፃናት ጋር አነጻጽሯል። የመተንፈስ ችግር ኦድስ ሬሾ በ37ኛው ሳምንት 3.9፣ በ38ኛው 3.0፣ በ39ኛው 1.9 ሆኖ ተገኝቷል። ጉዳቱ ከቢላዋው ይልቅ ከጊዜው ጋር የተያያዘ መሆኑን ይህ ቅደም ተከተል በግልጽ ያሳያል።

በጠዳና በዙሪያዋ ገጠር ይህ ግኝት የተለየ ክብደት አለው። በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና እስከ 39ኛው ሳምንት ይቆይ ሲባል ሳምንቱ እንደሚታወቅ ታስቦ ነው። ይሁን እንጂ በ2016ቱ ዳሰሳ መሠረት የመጀመሪያውን የእርግዝና ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። የመጨረሻውን የወር አበባ በበዓላት እያስታወሱ መናገር፣ ቀኑን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲመልሱ ጳጉሜን መዘንጋት፣ አልትራሳውንዱንም ዘግይቶ ማንሣት ስሌቱን በሳምንታት ሊያዛንፉት ይችላሉ። በመዝገብ ላይ 39 የተባለው በእውነቱ 37 ከሆነ፣ ደኅና ለመሆን የተቀጠረው ቀን ራሱ የአደጋ ምንጭ ይሆናል።

የረዥም ጊዜ ውጤቶች

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ክለሳ በቀዶ ሕክምና የተወለዱ ልጆች እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ለአስም (ኦድስ ሬሾ 1.21)፣ እስከ 5 ዓመት ደግሞ ከመጠን ላለፈ ውፍረት (1.59) ከፍ ያለ ተጋላጭነት እንዳላቸው አመልክቷል። ለዚህ ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ የአንጀት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። በምጥ የሚወለድ ሕፃን ከእናቱ ተሕዋስያን ይወርሳል፤ በቀዶ ሕክምና የሚወለደው ግን ይህ ውርስ ይጎድለዋል፣ ከሆስፒታል አካባቢ የሚመጡትም ይበዙበታል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ጥናቶች በአመዛኙ ምልከታዊ ናቸው። ለቀዶ ሕክምና ምክንያት የሆነው የእናት ሕመም፣ ውፍረት ወይም ያለ ጊዜ መውለድ ራሱ የልጁን ጤና ሊነካ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የስዊድን ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በቀዶ ሕክምና በተወለዱት ላይ ከፍ ብሎ የታየው የኦቲዝም ተጋላጭነት፣ የአንድ እናት ልጆች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ሳይታይ ቀርቷል። ስለዚህ ዝምድናን እንደ መንሥኤ መቁጠር አይገባም።

ጡት ማጥባት ደግሞ በሁለቱም መንገድ ለተወለደ ሕፃን ሊስተካከል የሚችል ጉዳይ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ እናት ከማደንዘዣውና ከሕመሙ የተነሣ እንገሩን ለመስጠት ልትዘገይ ትችላለች፤ ክፍተቱን ቅቤ በማላስ ወይም ስኳር ውሃ በመስጠት የመሙላት ልማድም አለ። በወገብ ማደንዘዣ የወለደች እናት ንቁ ስለሆነች፣ አዋላጅዋ ከረዳቻት በመጀመሪያው ሰዓት ልታጠባ ትችላለች።

የዘገየው ቀዶ ሕክምና

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች አብዛኞቹ የመጡት የተሳካ ምጥ በቀላሉ ከሚገኝባቸው አገሮች ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ ግን የቀዶ ሕክምና አማራጭ ሁልጊዜ ሰላማዊ ምጥ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የታገደ ምጥ ነው። ጽንሱ በዳሌው ማለፍ ሲያቅተው ማሕፀኑ ሳያቋርጥ ይኮማተራል፤ ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ሕፃኑ ይታፈናል። ለቀናት ከቆየ ሕፃኑ ይሞታል፣ እናቲቱም ለፌስቱላ ወይም ለማሕፀን መተርተር ትዳረጋለች። የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታሎች በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የሚያክሟቸው እናቶች ታሪክ የዚህ መዘግየት ማኅደር ነው። በዚህ ንጽጽር ሲታይ በጊዜው የተደረገ ቀዶ ሕክምና ለሕፃኑ ሕይወት ነው፤ የአስም ተጋላጭነት በጥቂቱ መጨመሩ ከዚህ ጋር ሊመዘን አይችልም።

በአንጻሩ እናት ዘግይታ ደርሳ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የተወለደ ሕፃን ታፍኖ ቢገኝ፣ ጥፋቱ በመዝገብ ላይ ለቀዶ ሕክምናው ይቆጠራል። በሆስፒታል ብቻ የተሰበሰቡ መረጃዎች በቀዶ ሕክምና የተወለዱትን ሕፃናት ውጤት ከሚገባው በላይ የሚያከፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሚቀጥለው ልጅ

ውጤቱ በአንድ ልጅ አያበቃም። ከላይ የተጠቀሰው የ2018 ክለሳ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በቀጣዩ እርግዝና ለማሕፀን መተርተር፣ እንግዴ ልጁ የማሕፀንን በር ለመዝጋቱና ለሞተ ልጅ መወለድ የበለጠ ተጋላጭ መሆኗን አሳይቷል። የአገሪቱ አማካይ የወሊድ መጠን በ2016ቱ ዳሰሳ 4.6 ልጆች ነበር። ጠባሳ ያለበት ማሕፀን ይዛ በቤቷ የምታምጥ እናት ልጅ፣ ለታላቁ የተደረገውን ቀዶ ሕክምና ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ያለ በቂ ምክንያት ቀዶ ሕክምናን ማስቀረት ገና ያልተወለዱትንም ልጆች መጠበቅ ነው።

ማጠቃለያ

በጠዳ አካባቢ ሕፃኑን የሚጎዳው ቀዶ ሕክምና ሁለት ዓይነት ነው፤ ያለ ጊዜው የተደረገውና ጊዜው ካለፈ በኋላ የተደረገው። ከዚህ ሦስት ተግባራት ይከተላሉ። አንደኛ፣ ፓርቶግራፍን በትክክል በመሙላት ምጥ መዘግየቱን ቀድሞ ማወቅና እናቲቱን ሳይዘገዩ መላክ፤ ሩቅ ያሉትንና ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለዱትንም ቀናቸው ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ ማስገባት። ሁለተኛ፣ የእርግዝናን ዕድሜ በመጀመሪያው ክትትል አረጋግጦ መመዝገብ። ሦስተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውን የሮብሰን አሥር ክፍሎች ምደባ በመጠቀም ቀዶ ሕክምናው ለማንና ለምን እንደተደረገ መለየት። ወደፊት የሚካሄዱ የድኅረ ምረቃ ጥናቶችም እናቲቱ ምጥ የጀመረችበትን፣ የተላከችበትንና ቀዶ ሕክምናው የተጀመረበትን ሰዓት ለይተው ቢመዘግቡ፣ በመንገድ የጠፋው ጊዜና በቢላዋ የመጣው ውጤት ተለይተው ሊታወቁ ይችላሉ።