ሳትሰንቅ አትፎክር

ልጄ፣ የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር «እኔም ያኔ ብኖር ድርቆሽ ንግዴን ትቼ እዘምት ነበር» ትላለህ። አምንሃለሁ፤ ወኔ አለህ። የጎደለህ ጥንቃቄ ነው። በ1888 ወደ ዓድዋ ከወጣው መሃል ገበሬውም ነጋዴውም ነበረበት። ሥራውን ትቶ ሄደ እንጂ ሥራው ያስተማረውን ጥሎ አልሄደም። ስለዚህ ስማኝ።

1. ሳትሰንቅ አትነሳ። ክተቱ የታወጀው በመስከረም ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 2 ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ውጊያው የካቲት 23 ሆነ። አብዛኛው ዘማች በሶውንና ቋንጣውን ከቤቱ ይዞ ነው የወጣው። የካቲት ሲገባደድ የሁለቱም ወገን ስንቅ ተመናምኖ ነበር፤ ጣሊያንን ካስቸኮሉት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ረሃብ ከአዛዥ በላይ ያዝዛል።

2. ከጥይት በፊት ውኃ ቁጠር። መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ በጥይት ብቻ አልተበገረም። እቴጌ ጣይቱ የውኃውን ምንጭ ካስያዙ በኋላ ግን ውስጥ ያለው ወታደር በጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ። ችኩል ግንቡን ያያል፤ ልባም ምንጩን ይፈልጋል።

3. መንገድ ከአገሬው ጠይቅ። የጣሊያኖች ካርታ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታን ስም ያለ ቦታው ጽፎት ነበር። በዚህ የተነሣ የጄኔራል አልበርቶኔ ጦር ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደና ብቻውን ተመታ። መጠየቅ አያሳፍርህ፤ በንግዱም ያየሁት የከሰረው ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነው።

4. አፍህን ሰብስብ። የእንትጮው ባሻ አውአሎም የጣሊያን ወሬ አቀባይ መስሎ የኛ ጦር እንደተበተነ ነገራቸው። ያ ወሬ የሠራው የሚያውቀው ሁሉ ዝም ስላለ ነው። አንተ ግን ያሰብከውን ሳትጀምረው ሻይ ቤት ታወራዋለህ።

5. ቀጠሮ አክብር። ይህ ደግሞ ጣሊያን ዳግም በወረረን ጊዜ እዚሁ ደጃችን የሆነ ነው። በሐምሌ 1928 አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ሊያጠቁ ተማከሩ፤ የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ከፍቼ በኩል መጣ። በመንገዱ ያለው የሱሉልታ ሜዳ በሐምሌ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ፤ እግር ከጭቃ አይወጣም። ዝናቡና የሞላው ወንዝ ጦሩን አዘገየው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አልደረሰም፣ ጥቃቱም ከሸፈ። ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ወር በጣሊያኖች ጥይት ተገደሉ። ጀግና ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው እኩል መድረስ ነው።

6. ያለ ዋስ ቃል አትመን። ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ሰጡ፤ በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ተገደሉ። ድርቆሽ ስትገዛ እጅህን እስከ መሃል ሰድደህ እርጥበቱን ሳትዳስስ ብር አትከፍልም፤ የጠላትንም ቃል እንደዚያው ዳስስ።

7. በሰላሙ ቀን ተለማመድ። በጦር ሜዳ አዲስ ጠባይ አይበቅልም። ዕድር ጠርቶህ የምታረፍድ፣ የተበደርከውን ረስተህ የምታስጠይቅ ከሆነ፣ ክተት ቢታወጅም ያው አንተ ነህ የምትሄደው። ጎርፍ ጎረቤትህ ቤት ሲገባ ቀድመህ ድረስ፤ የተቀበልከውን አደራ በቀኑ መልስ። አገር የሚጠብቅ ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው፤ እኔም ካንተ የምጠብቀው ይህንኑ ነው።