የፖሎ ብስክሌት፦ የዕቃ ምርጫና የቴላዮ ጥገና

ፖሎ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፈረስ ነው። ይሁን እንጂ በብስክሌት ላይ ተቀምጦ ኳስ በዱላ መምታትም ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ጨዋታ ነው። የተጀመረው በ1891 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአየርላንድ፣ ዊክሎው በሚባለው አውራጃ ሲሆን ጀማሪውም ሪቻርድ መክሬዲ የተባለ የብስክሌት ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ ለማሳያ ቀርቦ አየርላንድ ጀርመንን አሸንፋለች። ያኔ የሚጫወቱት በሣር ላይ ነበር። በ2000 አካባቢ ደግሞ በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ በብስክሌት ደብዳቤና ዕቃ የሚያደርሱ ሠራተኞች፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት በአስፋልትና በሲሚንቶ ሜዳ ይጫወቱት ጀመር፤ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች በይበልጥ የሚታወቀው ይኸው ዓይነት ነው። በአንድ ወገን ሦስት ሰው ይሰለፋል። እግሩ መሬት የነካ ተጫዋች ሄዶ በሜዳው አጋማሽ ያለውን ምልክት ሳይነካ ወደ ጨዋታው አይመለስም። ገናን ለሚያውቅ ሰው ዱላውና ኳሱ እንግዳ አይሆኑበትም፤ እንግዳው ነገር እግር ማሳረፍ መከልከሉ ነው።

እዚህ የምንጽፈው ስለ ጨዋታው ሕግ አይደለም፤ ስለ ብስክሌቱ ነው። ፖሎ ብስክሌትን በግጭት፣ በድንገት በማቆምና በድንገት በማስነሣት ስለሚፈትነው እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እንደተመረጠ፣ ለምንስ እንደሚሰበር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እኛም ነገ የእጅ ሥራ ወይም የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ሆነን ስንመደብ ተማሪው የሚመጣበት ብስክሌት ጤነኛ ይሁን የተሰነጠቀ ለይተን ማወቅ አለብን። የፊት ሹካ ሲሰበር እኮ ጋላቢው የሚያርፈው በፊቱ ነው፤ እጁን ለመዘርጋት እንኳን ጊዜ አያገኝም።

ከጥርሱ እንጀምር። የፖሎ ተጫዋች ከቆመበት ተነሥቶ ጥቂት ሜትር ሮጦ እንደገና ይቆማል። ስለዚህ የሚፈልገው ከፍተኛ ፍጥነት ሳይሆን ቶሎ መነሣትን ነው። ለምሳሌ ከፔዳሉ ጋር ያለው ጥርስ 32፣ ከኋላ ጎማው ጋር ያለው 22 ቢሆን፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 32 ለ22 ሲካፈል የሚገኘውን፣ ማለት 1.45 ጊዜ ያህል ይዞራል። የባለ 26 ኢንች ጎማ ዙሪያ 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም ያህል ስለሆነ ብስክሌቱ በአንድ ዙር 3 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ለመንገድ የተሠራው ባለ 28 ግን ጥርሱ 44 በ18 ቢሆን በአንድ ዙር 5 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ይኸኛው ሜዳ ላይ ረጅም ጉዞ ደስ ይላል፤ ከቆመበት ለማስነሣት ግን ጉልበት ይጨርሳል። (ሒሳብ የምታስተምሩ ጓደኞቻችን ክፍልፋይን ለማስረዳት ከብርቱካን ይህ አይሻልም ትላላችሁ?) ማርሽ መቀየሪያ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ግጭት ይታጠፋል። አንድ የፊት፣ አንድ የኋላ ጥርስና አንድ ጠንካራ ካቴና ይበቃሉ።

ፍሬን ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ቀኝ እጅ ዱላ ስለሚይዝ ማቆሙ የግራ እጅ ሥራ ነው። እንግሊዞች በሚሠሩት ብስክሌት ደግሞ የፊት ፍሬን በቀኝ በኩል ነው ያለው። እንግዲህ ሽቦውን ወደ ግራ ማዞር፣ ወይም ሁለቱን ፍሬኖች ባንድ ጊዜ የሚስብ መያዣ መግጠም የግድ ነው። ቸርኬውን ጨምቆ የሚያቆመው ፍሬን ቸርኬው ትንሽ ከተጣመመ ይይዛል ይለቃል። የዲስክ ፍሬን ይህ ችግር የለበትም፤ ግን ለዲስክ ባልተሠራ ሹካ ላይ ማስበየድ ክፉ ሥራ ነው። ምክንያቱም የማቆሙ ኃይል ሁሉ በሹካው አንድ እግር፣ በታችኛው ጫፍ ላይ ይወድቃል፤ ያ እግር ደግሞ ለዚህ ተብሎ አልተሠራም።

ጎማ ከላይ ወደ ታች ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ከጎን ሲመቱት ግን ደካማ ነው። በፖሎ የሚመታው ከጎን ነው። ስለዚህ 36 ሽቦ ያለው ቸርኬ ይመረጣል፤ ሽቦዎቹም እኩል ተወጥረው መገኘት አለባቸው። ተጫዋቾቹ ጎማውን በስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ ይሸፍኑታል፤ ዱላ ሽቦው መካከል እንዳይገባና ኳስ እንዳያልፍ ነው። የመሪው ሁለት ጫፎችም መደፈን አለባቸው። ክፍት ቧንቧ ሆድ ሲወጋ እንደ ቢላ ነው።

ቴላዮ፣ ማለት የብስክሌቱ አጽም፣ ሲመረጥ አጠር ያለው ቶሎ ይዞራል። ነገር ግን ከመጠን በላይ ካጠረ ሲታጠፉ የጫማው አፍንጫ የፊት ጎማውን ይነካል፣ ጋላቢውም ይወድቃል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፣ ፔዳሉን ወደ ፊት አግድም አድርጉ፣ ከዚያ መሪውን ዙሩ። ከነካ ይቅርባችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ብረት ወይስ አሉሚኒየም? አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ አይዝግም። ለጥገና ግን አይመችም። ሲታጠፍ ለማቃናት ቢሞከር ይሰነጠቃል፤ ሲበየድ ደግሞ ፋብሪካው በእሳት የሰጠው ጥንካሬ በብየዳው ዙሪያ ይጠፋል፣ እንደገና በልዩ ምድጃ ካልታከመም አይመለስም። ከዚህም ሌላ ብረት ከተወሰነ ጫና በታች ቢመላለስበት ሳይደክም ብዙ ይኖራል፤ አሉሚኒየም ግን ጫናው ትንሽም ቢሆን በመደጋገሙ ይደክማል። እኛ በበኩላችን ከኋላ ትንሽ የዛገ የብረት ቴላዮ ከሚያብረቀርቅ ያገለገለ አሉሚኒየም ይሻላል እንላለን።

የብረት ቴላዮ በፊት ለፊት ሲጋጭ የሚጎዳበት ቦታ የታወቀ ነው። ከመሪው አንገት ጥቂት ሳንቲም ወደ ኋላ፣ ከቧንቧዎቹ ሥር ቀለሙ ይጨማደዳል። ዓይን ላያየው ስለሚችል ጣትን ከሥር እያስኬዱ መዳሰስ ነው። ስንጥቅ ደግሞ የሚጀምረው መጋጠሚያው አጠገብና የፔዳሉ ኩሽኔታ ካለበት ቤት ዙሪያ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ የኛው ዕቃ፣ ጠመኔ፣ ሥራ አለው። የተጠረጠረውን ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት። ላምባ ቀቡትና ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጥርታችሁ ጥረጉና የተፈጨ ጠመኔ አልብሱት። ቧንቧውን በእንጨት ቀስ እያላችሁ ስትመቱ፣ ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና ጥቁር መስመር ይሠራል። የላምባው ጨርቅ ከእሳት ይራቅ፤ ይህን ሥራ ከብየዳው አጠገብ የሚሠራ ሰው ካለ እብድ ነው።

መጣመሙን ለማወቅ አንድ ሲባጎ ይበቃል። ከኋላ ጎማው መያዣ ከአንደኛው ጫፍ ጀምሮ በመሪው አንገት ዞሮ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወጠራል። ከዚያ ኮርቻውን ከያዘው ቧንቧ እስከ ሲባጎው ያለው ርቀት በግራና በቀኝ ይለካል። እኩል ከሆነ ቀጥ ብሏል። ግራው 30፣ ቀኙ 34 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጅራቱ ወደ ቀኝ ሄዷል። ይህን ያለ እሳት፣ ቴላዮውን አጥብቆ ይዞ በረጅም እንጨት ቀስ በቀስ በመግፋትና በየጊዜው በመለካት መመለስ ይቻላል። ባንድ ጊዜ ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው ወዲያ ማዶ ያሳልፈዋል። የተጨማደደ ቧንቧ ግን በማቃናት አይድንም፤ ቧንቧው ይለወጣል፣ ወይም ቴላዮው ይጣላል።

የተሰነጠቀ ቧንቧ ሲገኝ አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ወደ ኤሌክትሪክ ብየዳ ነው። ለበርና ለመስኮት ጥሩ ነው። የብስክሌት ቧንቧ ግን ግድግዳው ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ ወፍራም ኤሌክትሮድ ይበሳዋል፤ ቢይዝም ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ይሰባበራል፣ ቀጣዩ ስንጥቅም እዚያው አጠገብ ይመጣል። የሚሻለው በጋዝ እሳት በናስ ማጣበቅ ነው። ናስ በ900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፣ ብረት ግን ወደ 1500 ስለሚፈልግ ቧንቧው ሳይቀልጥ ይያያዛል። በመጀመሪያ የስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በትራፓኖ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል፣ ስንጥቁ እንዳይቀጥል። ከዚያ ከላዩ የቧንቧውን ክብነት የተከተለ የብረት ልጥፍ ይደረጋል፤ ጫፎቹ ሹል ይሁኑ፣ በቀጥታ ከተቆረጡ ጫናው እዚያው ይከማቻል። የተለበጠ ብረት ከሆነ ልባጩን ሞርዶ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

ይህ ሁሉ ለቴላዮ ነው። ለፊት ሹካ አይሠራም። የታጠፈ ወይም የተሰነጠቀ ሹካ አይበየድም፣ አይለጠፍም፤ በአዲስ ይለወጣል። አሮጌውንም በመጋዝ ለሁለት ቆርጦ መጣል ይሻላል፤ ሙሉውን ከጣሉት ሌላ ሰው አንሥቶ ይገጥመዋል።