በአፉ የሚተነፍስ ልጅ፦ ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሕፃናት ላይ የሚታይ የአዴኖይድ እብጠት

ጥያቄ፦ አዴኖይድ ምንድን ነው? ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሕፃናት ላይስ ለምን ጎልቶ ይታያል?

መልስ፦ አዴኖይድ ከአፍንጫ በስተጀርባ፣ ከለስላሳው ላንቃ በላይ፣ አየር ወደ ጉሮሮ በሚወርድበት ጠባብ መተላለፊያ ጣሪያ ላይ የሚገኝ የሊምፍ ሕብረ ሕዋስ ነው፤ የሊምፍ ሕብረ ሕዋስ ሲባልም በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰባስበው ወደ ሰውነት የሚገቡ ተህዋስያንን የሚለዩበት ክፍል ማለት ነው። በጉሮሮ ግራና ቀኝ ያሉት ቶንሲሎች ከዚሁ ወገን ሲሆኑ፣ ልጁ አፉን ሲከፍት ቶንሲል በዓይን ይታያል፣ አዴኖይድ ግን ላንቃ ስለሚሸፍነው ያለ መሣሪያ አይታይም። በማንኛውም ሕፃን ላይ አዴኖይድ እያደገ ሄዶ ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ትልቁን መጠን ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ እየሟሸሸ በጉርምስና አብዛኛው ይጠፋል።

ኤችአይቪ በደም ውስጥ የሚዘዋወር ቢሆንም ዋና መራቢያው የሊምፍ ሕብረ ሕዋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 «ሳይንስ» በተባለው የምርምር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከአዴኖይድ በተወሰዱ ናሙናዎች ገጽ ላይ ቫይረሱን የተሸከሙ፣ ብዙ ኒውክለስ ያላቸው ግዙፍ ሕዋሳትን ያሳየ ሲሆን፣ ከናሙናዎቹም አብዛኞቹ የኤድስ ምልክት ካልታየባቸው ሰዎች የተገኙ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ የሕመሙ ዓመታት ሕብረ ሕዋሱ ከቫይረሱ ጋር ባለበት ያልተቋረጠ ትግል ሕዋሳቱ ይበዙና ያብጣል፤ ሕመሙ ሳይታከም ሲገፋ ግን ያው ሕብረ ሕዋስ እየደከመ ይመነምናል። ስለዚህ የአዴኖይድ መተለቅ ብቻውን የሕመሙን መባባስ አያመለክትም፣ ማነሱም ለደህንነት ማስረጃ አይሆንም። በዚህ ላይ የሕፃናቱ የመከላከል አቅም ሲዳከም የሚመላለሰው ጉንፋንና የሳይነስ ኢንፌክሽን አዴኖይዱን ደጋግሞ ያስቆጣዋል።

ጥያቄ፦ ወላጅ ይህን ከተራ ጉንፋን በምን ይለየዋል?

መልስ፦ ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ሲለቅ፣ ያበጠ አዴኖይድ ግን አፍንጫን ለወራት ደፍኖ ይቆያል። ልጁ ቀን ቀን አፉን ከፍቶ ይውላል፣ ከንፈሩ ይደርቃል፣ ድምፁም አፍንጫው እንደተያዘ ሰው ስለሚሆን «ማሚ» ሊል ፈልጎ «ባቢ» የሚል ይመስላል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የሌሊቱ ነው፤ ልጁ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይተኛል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ደረቱ እየታገለ ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንዶች ይቋረጥና በድንገት እንደ መባነን ብሎ አየር ይስባል። ይህ በእንቅልፍ ላይ የሚደርስ የትንፋሽ መቆራረጥ እንቅልፉን ስለሚሰባብረው፣ ላብ ያሰምጠዋል፣ አልጋው ላይ መሽናት ያቆመ ልጅ እንደገና ይሸናል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ቀንም አንዳንዱ ይፈዛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቅብጥብጥ ይሆናል። ቀን ክሊኒክ የመጣን ንቁ ልጅ የሚያይ ሐኪም ይህን ሁሉ ሊያይ ስለማይችል፣ የልጁን ደረት ገልጦ ሲያንኮራፋ ለጥቂት ደቂቃ በስልክ ቀርፆ ማሳየት ከረጅም ገለጻ ይልቅ ይጠቅማል፤ ከጎድን አጥንት በታች ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ በምስሉ ይታያል።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸም ስህተት አለ። ልጁ ኪሎ አልጨምር ሲል ወይም በትምህርቱ ወደ ኋላ ሲቀር ሁሉም ነገር በቫይረሱ ይሳበባል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ለትንፋሽ የሚታገልና ሲበላ በአፍንጫው መተንፈስ ያቃተው ልጅ፣ ቫይረሱ በመድኃኒት በሚገባ ተገትቶም እንኳ ሊከሳ ይችላል። ለዓመታት ያልታከመ ከባድ መዘጋት ደግሞ በሳንባ የደም ሥሮች ላይ ግፊት በመጨመር የልብን የቀኝ ክፍል እስከ መጉዳት ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ጆሮ ከአዴኖይድ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ መካከለኛውን ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘውና አየር የሚያስገባለት ቀጭን ቱቦ አፉ የሚከፈተው ከአዴኖይድ አጠገብ ነው። አዴኖይድ ሲያብጥ ቱቦው ይታፈናል፣ ከታምቡር በስተጀርባም ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ይህ ፈሳሽ ሕመም ሳይኖረው የመስማት ኃይልን ይቀንሳል፣ ኢንፌክሽን ሲጨመርበት ደግሞ ታምቡሩን በስቶ መግል ሆኖ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት የኤችአይቪ ደረጃ አመዳደብ የሚመላለስ ወይም ሥር የሰደደ የጆሮ፣ የሳይነስና የቶንሲል ኢንፌክሽን ከ4ቱ ደረጃዎች በ2ኛው ውስጥ የተካተተ ሲሆን፣ በእነዚህ ሕፃናት ላይም እጅግ የተለመደ ነው። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ቫይረሱ አእምሮውን ነክቶት ነው ከመባሉ በፊት የመስማት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። መግል በሚያወጣ ጆሮ ውስጥ ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል፤ ጆሮው በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፣ ውኃ እንዳይገባበት ይጠበቃል፣ ልጁም ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ እንዴት ያረጋግጣል?

መልስ፦ የአንገት በላይ ሐኪም ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ በአፍንጫ አስገብቶ አዴኖይዱን በቀጥታ ያየዋል። መሣሪያው በሌለበት የአንገት የጎን ራጅ ይጠቅማል፤ ሆኖም ልጁ እያለቀሰ ወይም አፉን ከፍቶ ከተነሳ ላንቃው ከፍ ስለሚል ምስሉ መተላለፊያውን ከእውነቱ አጥብቦ ያሳያል።

ጥያቄ፦ እብጠቱ ሌላ በሽታ የሚሆንበት ጊዜ አለ?

መልስ፦ አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም ሆነ ሊምፎማ የተባለው የሊምፍ ሕብረ ሕዋስ ካንሰር በዚህ ቦታ ሊነሳ ይችላል። እብጠቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ካደገ፣ አፍንጫው ከደማ፣ በአንገት ላይ ጠንካራ ንፍፊት አብሮ ከወጣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከታከለበት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ይመረመራል። በቀዶ ሕክምና የወጣ አዴኖይድም ቢሆን በእነዚህ ሕፃናት ላይ ሳይመረመር ባይጣል ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እብጠቱን ያጠፋዋል?

መልስ፦ ቫይረሱ ሲገታ በሊምፍ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የነበረው ግርግር ስለሚበርድ እብጠቱ በወራት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ ሕክምናው የሚጀምረው ልጁ መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱንና የቫይረሱ መጠን መውረዱን ከማረጋገጥ ነው። ሕክምና በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት ግን ተቃራኒው የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ያንሰራራው የመከላከል አቅም ተደብቆ የቆየን ኢንፌክሽን፣ በተለይም የሳንባ ነቀርሳን፣ በድንገት ስለሚዋጋ ንፍፊቶች ያብጣሉ። ወላጆች መድኃኒቱ አልተስማማውም ብለው የሚያቋርጡት በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ ማድረግ የሚገባው ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ልጁን ማስመርመር ነው። የቫይረሱ መጠን ከወረደ ከወራት በኋላም አፍንጫው ካልተከፈተ፣ ጉዳዩ ከቫይረሱ ይልቅ በዚያ ዕድሜ ማንኛውም ልጅ ላይ የሚታይ የአዴኖይድ ችግር ሊሆን ስለሚችል እንደዚያው ይታከማል።

ጥያቄ፦ በአፍንጫ የሚረጩ መድኃኒቶች ለእነዚህ ሕፃናት ደህና ናቸው?

መልስ፦ ጨው ያለበት የአፍንጫ ጠብታ ለሁሉም ደህና ነው። አፍንጫን ወዲያውኑ የሚከፍቱ እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉ ጠብታዎች ግን ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰዱ መደፈኑን ራሳቸው ያመጡታል። ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አዴኖይድን ለማሳነስ በሚታዘዙት የስቴሮይድ ብናኞች ላይ ነው። ፍሉቲካሶንና ቡዴሶናይድ የተባሉት፣ በተለመደው መጠን ከአፍንጫ አልፈው ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ክፍላቸው በጉበት ውስጥ ባለ ኢንዛይም ተሰባብሮ ስለሚወገድ ብዙም ጉዳት የላቸውም። ሪቶናቪር ግን ይህን ኢንዛይም ይቆልፈዋል፤ ሪቶናቪር ደግሞ ሎፒናቪርንና አታዛናቪርን ከመሳሰሉ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ተደምሮ የሚሰጥ ነው። ሪቶናቪርና እነዚህ ብናኞች ሲገናኙ ስቴሮይዱ በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የልጁ ፊት ይከባል፣ ሆዱ ላይ ስብ ይከማቻል፣ ቁመቱ መጨመር ያቆማል፣ የደም ግፊቱና ስኳሩ ሊጨምር ይችላል፣ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢም የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ይተዋል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ልጅ ብናኙን በድንገት ቢያቋርጥ ማስመለስ፣ ራስን መሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል፣ ማቆሙም በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። የፊቱ መወፈር ለዓይን መልካም ስለሚመስል «ልጁ ተሻለው፣ ሥጋ አወጣ» ተብሎ በደስታ የሚታለፍበት አጋጣሚ መኖሩ ነገሩን የከፋ ያደርገዋል።

ስቴሮይድ የግድ ካስፈለገ ከሪቶናቪር ጋር የሚመረጠው ቤክሎሜታሶን ነው። ዶሉቴግራቪር ይህን ኢንዛይም ስለማይቆልፈው ችግሩን አያመጣም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ4 ሳምንት፣ ክብደታቸው ከ3 ኪሎ ላላነሰ ሕፃናት ዶሉቴግራቪርን ያካተተ ሕክምናን ማስቀደሙ በዚህም በኩል እፎይታ ነው። ቢሆንም በሌላ መድኃኒት ላይ የሚገኝ ልጅ አሁንም አለ፤ ብዙ ወላጅ ደግሞ የልጁን ሁኔታ ከኤአርቲ (ፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክሊኒክ ውጭ ላለ ሐኪም መናገር ይከብደዋል። ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ብናኝ የሚያዘው የአንገት በላይ ሐኪም ልጁ ሪቶናቪር መውሰዱን ካላወቀ ጉዳቱን ሊከላከል አይችልም። በሰው ፊት መናገር ያልፈለገ ወላጅ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዞ ሄዶ ለብቻ ሊያሳይ፣ ወይም ከኤአርቲ ክሊኒኩ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት አጽፎ ሊሰጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምናስ? ቫይረሱ ያለበት ልጅ ቁስሉ ይድንለታል?

መልስ፦ ቫይረሱ መኖሩ ብቻውን ቀዶ ሕክምናን አይከለክልም፤ የሚወስነው ትንፋሽ በእንቅልፍ መቋረጡ፣ የመስማት ችግሩ ወይም ኢንፌክሽኑ በመድኃኒት አለመመለሱ ነው። የመከላከል አቅሙ በጣም የወረደ ልጅ፣ ትንፋሹ ለአደጋ ካልተጋለጠ በስተቀር፣ መጀመሪያ በፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ቢያገግም ይሻላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከቫይረሱ መጠንና ከሲዲ 4 (በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሕዋስ) ቁጥር ሌላ ሁለት ነገሮች ሊታዩ ይገባል፤ ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት የደም ማነስ ስለሚያመጣ የሄሞግሎቢን መጠን፣ ኤችአይቪም ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ሊቀንስ ስለሚችል የእነሱ ቁጥር። ልጁ ለማደንዘዣ ቢጾምም የዕለቱን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እንዴት እንደሚወስድ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

አዴኖይድ የሚወጣው በአፍ በኩል በመሆኑ ውጭ የሚታይ ቁስል የለም፤ ሌሎቹ የሊምፍ ክፍሎች በቦታቸው ስለሚቀሩም የመከላከል አቅሙ በዚህ ምክንያት አይናጋም። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከቶንሲልና ከአዴኖይድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኮዴይን ለሕፃናት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ በአንዳንድ ልጆች ሰውነት ውስጥ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ተለውጦ ትንፋሽን ስለሚያቆም ነው። በአፍ ወይም በአፍንጫ ትኩስ ደም ከታየ ልጁ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይመለሳል።

ጥያቄ፦ እንጥል ማስቆረጥ ይረዳል?

መልስ፦ አይረዳም። በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢ ልጅ ሲያንኮራፋ ወይም ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ መዘጋቱ ያለው ከላንቃ በላይ ስለሆነ እንጥል ቢቆረጥ አየር የሚያልፍበት መንገድ አይሰፋም። ድርጊቱ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ አንዱ ምላጭ ለብዙ ልጆች ሲውልም ቫይረሱን ያስተላልፋል። ብዙም የማይነገር ሌላ ጉዳትም አለው፤ ለሁለት የተሰነጠቀ እንጥል ከሥሩ ያልገጠመ የላንቃ ጡንቻ መኖሩን ለሐኪሙ የሚጠቁም ምልክት ሲሆን፣ ይህ ችግር ያለበት ልጅ አዴኖይዱ በሙሉ ቢወጣለት ምግብ በአፍንጫው ሊመለስና ንግግሩ ሊበላሽ ይችላል። እንጥሉ የተቆረጠበት ልጅ ይህ ምልክት ስለማይኖረው ሐኪሙ ላንቃውን በጣቱ መዳሰስ ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ አዴኖይዱ ያበጠ፣ ግን ኤችአይቪ ያልተመረመረ ልጅ መመርመር አለበት?

መልስ፦ ያበጠ አዴኖይድ ብቻውን በሕፃናት ላይ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ለድንጋጤ ምክንያት አይሆንም። በብዙ ቦታ ከወጣ ንፍፊት፣ ከጆሮ በታች ሳያም ካበጠ የምራቅ ዕጢ፣ ከሚመላለስ የጆሮ መግል ወይም ከአፍ ቁስለት ጋር ከተገኘ ግን ምርመራው ሊዘገይ አይገባም። ዕድሜው ከ18 ወር በታች የሆነ ሕፃን በፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ብቻ አይወሰንበትም፤ ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል ውጤቱን ስለሚያሳስት የቫይረሱ ዘረመል ራሱ ይፈለጋል፣ ለዚህም ከተረከዙ የተወሰደ የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። አዴኖይድ ሊሟሽሽ በሚገባው ዕድሜ ላይ ባለ ጎልማሳ ላይ ማበጡ ከታየ ደግሞ የኤችአይቪ ምርመራም ናሙና መውሰድም ያስፈልጋል።