ቂብላችን ወዴት ነው? ከባሌ ደጋ የምናገኘው ትምህርት

አንድ መስጊድ ሲሠራ ከብሎኬቱና ከቆርቆሮው በፊት መጠየቅ የሚገባው ሚሕራቡ ወዴት ይዙር የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ በጊዜው በእውቀት ካልተመለሰ ውሎ አድሮ የጀመዓውን ልብ ይከፍላል። መስጊዱ ተሠርቶ ዓመታት ከተሰገደበት በኋላ አንድ ወጣት ኮምፓስ ወይም ስልክ ይዞ ይመጣና «ቂብላችን ተሳስቷል» ይላል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «አባቶቻችን የሰገዱበትን አንተ ልታቃናው ነው?» ብለው ይቆጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚከተለው አያምርም፤ ገሚሱ ወደዚህ፣ ገሚሱ ወደዚያ ይዞራል፤ ከጀመዓ የሚቀርም አይጠፋም።

ለመሆኑ ሸሪዓችን በዚህ ረገድ የሚጠይቀን ምንድን ነው? መሣሪያውስ ምን ያህል ይታመናል? ሁለቱንም ጥያቄዎች የባሌን ምድር ምሳሌ አድርገን እንመልከት። ሮቤ፣ ጎባ፣ ደሎ መናና አንገቱ ያሉበት አቀማመጥ ጉዳዩን ከብዙ አገሮች ይልቅ ግልጽ ያደርገዋልና።

ትእዛዙ

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ 16 ወይም 17 ወራት ያህል ወደ በይተል መቅዲስ ዞረው ሰግደዋል። ከዚያም በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ በሱረቱል በቀራ 144ኛው አንቀጽ ወደ መስጂደል ሐራም አቅጣጫ እንዲዞሩ ታዘዙ። ይህ ዜና በቁባ መስጊድ የሱብሕ ሶላት ላይ ለነበሩ ሰዎች ሲደርሳቸው እዚያው በሶላት ውስጥ እንዳሉ ከሻም ወደ ካዕባ መዞራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ከዚህ ክስተት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ትክክለኛው ሲታወቅ «እስከ ዛሬ የሰገድንበት ነው» ብሎ መሟገት የሶሓባዎች መንገድ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሁሉም በአንድነት ዞሩ እንጂ ሰልፋቸው ለሁለት አልተከፈለም።

ሕንጻው ወይስ አቅጣጫው?

ካዕባን በዓይኑ የሚያይ ሰው ወደ ራሱ ወደ ካዕባ መዞር እንዳለበት ኡለማዎች ተስማምተዋል። ልዩነቱ ያለው ከሩቅ በሚሰግደው ሰው ላይ ነው። በሐነፊይ፣ በማሊኪይና በሐንበሊይ መዝሀቦች አቅጣጫውን ማግኘት ይበቃዋል። በአገራችን በስፋት በሚታወቀው የሻፊዒይ መዝሀብ ግን ጠንካራው አቋም ራሱን ካዕባን ማሰብና ወደዚያ ለመዞር መጣር ነው።

ሆኖም ከሮቤ እስከ መካ ያለው ርቀት 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ርቀት አንድ ዲግሪ መሳት እዚያ ሲደርስ 28 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአንድ ሰው ትከሻ በሩኩዕና በሱጁድ መካከል ከዚህ በላይ ይወዛወዛል። አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድምና የሚፈለግብን ልባዊ ጥረት ነው። ከፊቅህ ሊቃውንት መካከል ሰጋጁ በቀኝም ሆነ በግራ 45 ዲግሪ እስካላለፈ ድረስ አቅጣጫውን እንዳልለቀቀ የሚቆጥሩ አሉ።

መዲና በሰሜን፣ ባሌ በደቡብ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ያለው ሁሉ ቂብላ መሆኑን ማስተማራቸውን ቲርሚዚይ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ይህ ሐዲስ የመዲና ሰዎችን ይመለከታል። መዲና ከመካ በስተሰሜን ስለምትገኝ የመዲና ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ ካዞረ ምሥራቅ በግራው፣ ምዕራብ በቀኙ ይሆናል።

አሁን ካርታውን እንገልብጠው። መካ በ39.8 ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። ሮቤና ጎባ በ40 ዲግሪ፣ ደሎ መና በ39.8 ዲግሪ ገደማ ናቸው፤ በሐረና ቡሉቅ ያለችው አንገቱም ከዚህ መስመር ብዙ አትርቅም። ስለዚህ የባሌ ደጋ በመካ ትይዩ በስተደቡብ ያለ ምድር ነው፤ ቂብላውም ሰሜን ነው። በሮቤ ከትክክለኛው ሰሜን ያለው ልዩነት አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። የጎባ ሰው ወደ ሮቤ ሲዞር ወደ ቂብላው ዞሯል። ከደሎ መና ተነስቶ በሐረና ደንና በሳነቴ በኩል ወደ ጎባ የሚወጣ መንገደኛም ጠመዝማዛው ይቅርና ጠቅላላ ጉዞው ወደ ቂብላ ነው።

እንግዲህ በባሌ የሁለቱ መዝሀብ አቋሞች በተግባር ይገናኛሉ። አቅጣጫውን ያገኘ ሰው ሕንጻውንም ለማግኘት የሰው ልጅ የሚችለውን ያህል ቀርቧል።

እንዴት እናረጋግጥ?

ብዙዎች «ፀሐይ መውጫን በቀኝህ አድርግ» በሚለው ይመራሉ። ለመንገደኛ ይበቃል፤ ለመስጊድ መሠረት ግን አይበቃም። ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ የምትወጣው መጋቢት 11 እና መስከረም 12 አካባቢ ብቻ ነው። በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ከ23 ዲግሪ በላይ ትሸሻለች።

የተሻለው የቀትር ጥላ ነው። ባሌና መካ በአንድ መስመር ላይ በመሆናቸው በሁለቱም ዙህር የሚገባው በተመሳሳይ ደቂቃ ነው ማለት ይቻላል። በዚያን ሰዓት በባሌ የቆመ ቀጥ ያለ ዘንግ ጥላው ዓመቱን ሙሉ በቂብላው መስመር ላይ ይወድቃል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ጥላው ራሱ ወደ ቂብላ ያመለክታል፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ደግሞ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ሰጋጁም ጀርባውን ለጥላው ይሰጣል። በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው አይጠቅምም። ሰማዩ በሚጠራበት በታኅሣሥ የአንድ ሜትር ዘንግ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ስለሚኖረው ለመለካት ከሁሉ ይመቻል።

ሰዓት የማያምን ሰው በዘንጉ ዙሪያ ክብ ይሥራ። ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን ሲነካና ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲነካ ምልክት ያድርግ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ ለእርሱ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሰሜንና ደቡብ ነው። የቀደሙ ሊቃውንት የሚያውቁት ዘዴ ነው።

ለመላው አገራችን የሚሆን ሌላ ምልክትም አለ። በየዓመቱ ግንቦት 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ ሐምሌ 9 ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ አካባቢ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። በዚያች ደቂቃ ወደ ፀሐይዋ አቅጣጫ የዞረ ወደ ካዕባ ዞሯል። ቀኑ በአንድ ወይም በሁለት ቢያልፍ ጉዳት የለውም፤ ሰዓቱ ግን በትክክል ይያዝ፤ የአንድ ደቂቃ ስህተት አንድ ዲግሪ ያህል ያስታልና።

ኮምፓስስ? ይጠቅማል፤ ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። መርፌው የሚያመለክተው የማግኔቱን ሰሜን ነው፤ ይህም በአገራችን ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ያህል ይርቃል። ከዚህ የከፋው ብረት ነው። በአርማታ ወለል ላይ፣ በብረት በር አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ የተለካ ብዙ ሊስት ይችላል። የስልክ ኮምፓስም ያው ማግኔት ነው፤ ማግኔት ያለው ሽፋን ከለበሰ ጭራሽ አይታመንም። ስለዚህ ከሕንጻ ርቆ፣ በተለያዩ ስልኮች ደጋግሞ መለካትና ከጥላው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ከባሌ የወጣ ሰው

የባሌው ልጅ አዲስ አበባ ሲመጣ ከሰሜን ወደ ቀኝ 5 ዲግሪ ያህል ይዙር፤ ጅማ ከሄደ 12፣ ሐረር ከሄደ ደግሞ ወደ ግራ 10 ዲግሪ። ደሴ ግን እንደ ባሌ ከመካ ትይዩ ናት፤ ልዩነቷ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ባሕር ማዶ ሲሻገር ግን የአገር ቤቱ ልማድ አያገለግልም። በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ጠፍጣፋ ካርታ ካዩ መካ በደቡብ ምሥራቅ ትመስላቸዋለች። ምድር ክብ በመሆኗ ግን አጭሩ መንገድ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፤ በ1957 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የዚያች ከተማ እስላማዊ ማዕከልም ወደዚያው ዞሮ ተሠርቷል። አል-ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የጋዝናን ቂብላ በስሌት ያወጡት ይህን በመገንዘብ ነበር። ሒሳብና የሰማይ እውቀት በሙስሊሞች ዘንድ የዒባዳ አገልጋይ እንደነበሩ ይህ ምስክር ነው።

የጀመዓው አደራ

ታዲያ በአንድ መስጊድ ላይ ጥርጣሬ ሲነሳ ምን ይደረግ? ወጣቱ ኮምፓሱን በጀመዓው ፊት ከማውጣቱ በፊት ኢማሙንና ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ያማክር። ሽማግሌዎቹም የልጁን እውቀት በዕድሜው አይናቁ። አብረው ዘንግ ተክለው ጥላ ይለኩ፤ ጥላ ከማንም ወገን አይደለምና ያስታርቃል። ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ከሆነ ለእርሱ ሲባል ጀመዓ መበተን ከስህተቱ የሚበልጥ ጥፋት ነው። ብዙ ከሆነ ግን ግድግዳ ማፍረስ ሳያስፈልግ የምንጣፉን መስመር አዛውሮ ሰልፉን ማቃናት ይቻላል። ያለፈውን ሶላት በተመለከተ ብዙዎቹ ኡለማዎች ጥሮ የሳተን ሰው ድገም አይሉም፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ስህተቱ በእርግጠኝነት ከታወቀ ይደገማል የሚለው አቋም ጠንካራ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለአካባቢው ኡለማዎች ይቅረብ እንጂ በጓሮ ፈትዋ አይሰጥበት።

አዲስ መስጊድ የሚሠሩ ኮሚቴዎች ደግሞ ቦታው በመንገዱ ተለክቶ ስለተሰጣቸው ብቻ ሚሕራቡን ከመንገዱ ጋር አያስተካክሉ። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የግማሽ ቀን ጥላ መለካት ለዓመታት ከሚዘልቅ ንትርክ ያድናል።

በዚያው በሱረቱል በቀራ 177ኛው አንቀጽ ላይ በጎነት ፊትን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ በማዞር ብቻ እንደማይገኝ ተነግሮናል። ቂብላ አንድ የሆነው እኛም አንድ እንድንሆን ነውና ፊታችንን ስናቃና ልባችንን አናጣምም። አላህ (ሱ.ወ) ሐቁን አሳይቶ የምንከተለው ያድርገን። ወላሁ አዕለም።