ከቶና ጠብታ ቀለበት ማውጣት

ጅማም ሁን አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት፣ ቡና በተፈላበት ረከቦት ላይ የደረቀ ጠብታ አይጠፋም። ጠጋ ብለህ ብታየው መሃሉ ገርጥቶ ዳሩ ጠቁሯል። ጥቃቅን ቅንጣቶችን በቀለበት የሚደረድሩ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ጉልበት ይኸው ነው። በቤትህ እንዲህ ትሠራዋለህ።

1. ቁራጭ መስታወት በሳሙና እጠብ፤ ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ አለቅልቀው፤ ፊቱን በጣት አትንካ። ይህን ደረጃ እንዳትዘል። ቅባት ካለበት የጠብታው ዳር ወደ ውስጥ እየሸሸ ይሰበሰብና መሃል ላይ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ቀለበት የሚወጣው ዳሩ በነበረበት ተጣብቆ ሲቀር ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነው።

2. አቦል ይወፍራል፤ ቶና ይሻላል። ስኳር ሳይገባበት፣ አተላው ሲዘቅጥ ከላይ ቅዳና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አንድ ጠብታ አኑር።

3. ነፋስ በማያገኘው ቦታ ተወው። ከሰኔ እስከ መስከረም የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ ይዘገያል፤ ታገሥ እንጂ እሳት ዳር አታስጠጋው። ውሃው ከመሃል ይልቅ ከዳር ፈጥኖ ይተናል። ዳሩ ስለማይሸሽ፣ የጎደለውን ለመሙላት ከመሃል ውሃ ይፈስሳል፤ የቡናውንም ቅንጣት ይዞ ይሄዳል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1997 ሮበርት ዲጋንና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ «ኔቸር» መጽሔት ላይ አስረድተዋል። ማጉያ መነጽር ካለህ መጨረሻው ላይ ዓይንህን አትንቀል፤ ሊደርቅ ሲል ፍሰቱ ይፈጥናል፣ ቅንጣቶቹም ወደ ዳር ይሯሯጣሉ።

4. አሁን ክሪስታል። ቁንጥር ጨው በብዙ ውሃ አሟሟና በሌላ ንጹሕ መስታወት ላይ አንጠብጥብ። ዳር ላይ ውሃው እያለቀ ጨው ይበዛል። ውሃው ሊይዘው ከሚችለው ሲያልፍ የመጀመሪያዎቹ ጥቃቅን ክሪስታሎች አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይወጣሉ፤ ኋላ የሚመጣው ጨው በእነርሱ ላይ እየተለጠፈ ያሳድጋቸዋል። በማጉያው ስታየው አራት ማዕዘኖቻቸው ይለያሉ።

5. ጠብታውን በመርፌ ጫፍ እያሳነስክ ሞክር። ወሰን ግን አለው፦ ስፋታቸው 100 ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶች ከ10 ማይክሮሜትር ገደማ ባነሰ ጠብታ ውስጥ ቀለበት አይሠሩም፤ ዳር ሳይደርሱ ውሃው ያልቃል።

ከዚያ በታች ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በጆርጂያ ቴክ የዦንግ ሊን ዋንግ ቡድን ከዚንክ ኦክሳይድ ያገኘው ቀለበት ጠብታ አላስፈለገውም። እንደ ጥብጣብ የሳሳው ክሪስታል አንዱ ፊቱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ቻርጅ ነበረው፤ በእቶን ውስጥ እያደገ ሳለ በራሱ ላይ ተጠመጠመ፣ ዙሮቹም ተዋህደው አንድ ወጥ ክሪስታል ሆኑ።