ነጠላውን ነጠላ፣ ጋቢውን ጋቢ በለው
ለጀማሪ የሙዚቃ ዜና ጸሐፊ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣

የመዝናኛ ዓምድ እንደተሰጠህ ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ እሰየው። የላክህልኝን የመጀመሪያ ዜናህን ሳነብ ግን ርዕሱ ላይ ቆምኩ። «ድምፃዊቷ አዲስ ነጠላ ዜማ አልበም ለቀቀች» ይላል። ነጠላ ነው ወይስ አልበም? ነጠላ ጣል አድርጋ የወጣችን ሴት «ጋቢ ደርባ አየኋት» ብትል ሰው ይስቅብሃል። ሁለቱም ከጥጥ ነው የተሸመኑት፤ ግን ማንም ሸማኔ በአንድ ዋጋ አይሸጥልህም።

እኔ በካሴት ዘመን ጀምሬ በስልክ ዘመን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅኩት ተሳስቼ ነው። ዘፈን የሚታወጅበት ስም አድማጩ ሄዶ የሚፈልግበት አድራሻ ነው፤ አድራሻውን ካሳሳትክ ዘፈኑ በሰው እጅ ሳይገባ ይቀራል። ቀጥሎ የምቆጥርልህ ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር የወጣ ነው።

1. ርዕሱን ከባለቤቱ ሳትሰማ አታውጅ።

በካሴት ጊዜ ነው። አንድ የታወቀ ድምፃዊ አልበሙን ጨርሶ ማስተሩ ሊወጣ ሲል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ከሚሠራ ወዳጄ የአልበሙን መጠሪያ ሰማሁና ቅዳሜ ማታ በአየር ላይ አወጅኩት። የሰማሁት ርዕስ ግን ልጆቹ ሲቀዱ እርስ በርስ የሚጠሩበት የሥራ ስም ኖሯል። ካሴቱ በሌላ ስም ወጣ። ሰው ሙዚቃ ቤት ሄዶ በእኔ ስም ሲጠይቅ «እንዲህ የሚባል የለም» እየተባለ ተመለሰ። ከሁሉ የከፋው፣ ካሴት እየገለበጡ በመንገድ የሚያዞሩት ልጆች እኔ ያወጅኩትን ስም በእስክሪብቶ ጽፈው መሸጣቸው ነው። ድምፃዊው አልሰደበኝም። «ጋሼ፣ ለሌቦቹ ስም አወጣህላቸው» ብቻ አለኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የአልበም ርዕስ የታወቀ የሚባለው ድምፃዊው ወይም አሳታሚው ሲናገር፣ አለዚያም ሽፋኑ ታትሞ ስታየው ነው። አቀናባሪው፣ ጊታር ተጫዋቹ፣ ፖስተር ሠሪው የሚነግሩህ ወሬ ነው። ወሬ ለማጣራት ይጠቅማል፤ ለማወጅ አይበቃም።

2. ዓይነቱን ለይተህ እወቅ።

ይኼኛው ረዘም ይላል፤ ታገሠኝ። ነጠላ ዜማ የትናንት ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኮሎምቢያ ኩባንያ ባለ 33 ዙሩን ረጅም ሸክላ በ1948 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ፣ ተፎካካሪው አርሲኤ በዓመቱ ትንሿን ባለ 45 ዙር ሸክላ አመጣ። ትንሿ በአንድ ገጿ አንድ ዘፈን፣ በጀርባዋ ሌላ አንድ ትይዛለች። ትልቁ ብዙ ዘፈን ይዞ አልበም ተባለ፤ ትንሿ ነጠላ ሆነች። እኛም አገር ዐምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ዐምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ያወጣቸው ሥራዎች በአብዛኛው ባለ 45 ነበሩ፤ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ሸክላ አሳትሟል። አባቶቻችን «የእገሌ ሸክላ ወጣ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ዘፈን ማለታቸው ነበር።

ቀጥሎ ካሴት መጣና ነጠላን አስረሳን። ካሴት ሁለት ገጽ ሙሉ ዘፈን ይፈልጋል፤ አንድ ዘፈን ብቻ ቀድቶ የሚሸጥ ሙዚቃ ቤት አልነበረም። «ካሴት አወጣ» ማለት አልበም አወጣ ማለት ሆነ። ኢንተርኔት ሲመጣ ነጠላው ተመለሰ፣ ከነስሙ። የአንተ ትውልድ ሁለቱን የሚያምታታው በዚህ መሐል ስላደገ ይመስለኛል።

ዛሬ በስልክ ሙዚቃ የሚያቀርቡት ትልልቅ መደብሮች የሚለዩት በቁጥርና በደቂቃ ነው። ከ1 እስከ 3 ዘፈን ይዞ እያንዳንዱ ከ10 ደቂቃ ካነሰ ነጠላ ይሉታል። ከ4 እስከ 6 ዘፈን ይዞ በድምሩ ከ30 ደቂቃ በታች ከሆነ ኢፒ ነው። 7 ዘፈንና ከዚያ በላይ ከያዘ፣ ወይም 30 ደቂቃ ከሞላ፣ አልበም ነው። ኢፒን «ትንሽ አልበም» እያልክ አታሞካሸው፤ ኢፒ በለው።

ከዚህ ውጭ ደግሞ ስብስብ አለ፣ የመድረክ ቅጂ አለ፣ ዳግም እትም አለ፣ ሪሚክስ አለ። ሰዎች የሙላቱ አስታጥቄን «ኢትዮፒክስ 4» አልበም እያሉ ሲያወሩ ትሰማለህ። እሱ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ከተቀዱ ሥራዎች መርጦ ያዘጋጀው ስብስብ ነው። ሙላቱ ራሱ አልበም ብሎ ያወጣውን ከፈለግክ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የታተመውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ፈልግ። ስብስቡን «አዲስ አልበም» ብትለው የድሮ ሥራን የትናንት ታደርገዋለህ።

አንዳንዴም ባለቤቱ ራሱ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ካናዳዊው ድሬክ በ2017 እ.ኤ.አ. «ሞር ላይፍ»ን ሲያወጣ አልበም አላለውም፣ «ፕሌይሊስት» ነው አለ፤ የአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት ቢልቦርድ ግን በአልበም ሰንጠረዡ አናት አስቀመጠው። እንዲህ ሲያጋጥምህ ሁለቱንም ጻፍ፤ እሱ ያለውን፣ እነሱ የመደቡትን።

3. የተወደደ ዘፈን ሁሉ ነጠላ ዜማ አይደለም።

ነጠላ የሚባለው ብቻውን እንዲቆም ታስቦ ለብቻው የተለቀቀ ነው። የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 9 ዘፈኖች ነበሩት፤ 7ቱ አንድ በአንድ ነጠላ ሆነው ወጡ። መጀመሪያ የወጣው ከፖል ማካርትኒ ጋር የዘፈነው «ዘ ገርል ኢዝ ማይን» ነው፤ አልበሙ የተጠራበት «ትሪለር» የወጣው ከሁሉ በመጨረሻ ነው። ሌድ ዜፕሊኖች ግን በዓለም የገነነውን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» አሜሪካ ውስጥ በነጠላነት ለገበያ አላወጡትም።

ልዩነቱ ዋጋ ያስከፍላል። እስከ 1998 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ አንድ ዘፈን የቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥ ውስጥ ለመግባት በነጠላነት ለሽያጭ መቅረብ ነበረበት። ኖ ዳውት የተባለው ባንድ የዘፈነው «ዶንት ስፒክ» በሬዲዮ ሰንጠረዥ 16 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሳለ፣ በነጠላ ስላልተሸጠ ሆት 100 ላይ ስሙ አልተጻፈም። አሜሪካ ሙሉ የዘፈነው ዘፈን በዚያ መዝገብ የለም ማለት ነው። ምደባ እንዲህ ታሪክ ይሠራል፤ ታሪክም ያጠፋል።

4. አልበሙንና ዘፈኑን አታጋጭ፤ ፊደሉንም እንዳለ ቅዳ።

የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል»፣ «ጥቁር ሰው» እና «ኢትዮጵያ» የአልበምም የዘፈንም ስሞች ናቸው። «ጥቁር ሰው ተወደደ» ብለህ ብቻ ከጻፍክ አንባቢህ የቱን እንዳልክ አያውቅም። አንዳንዱ አልበም ደግሞ የድምፃዊውን ስም ብቻ ይዞ ይወጣል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የጂጂ አልበም «ጂጂ» ነው። ሕዝብ የሚያወጣው ስምም አለ። ዓለም «ነጩ አልበም» የሚለው የቢትልሶች የ1968 እ.ኤ.አ. ሥራ ትክክለኛ ርዕሱ «ዘ ቢትልስ» ነው።

ሽፋኑ ላይ በ«ሠ» ከተጻፈ በ«ሠ»፣ በ«ሰ» ከተጻፈ በ«ሰ» ጻፍ፤ የሰዋስው መምህርነትህን ለሌላ ቀን አቆየው። «ትዝታ» የሚል ዘፈን ሲያጋጥምህ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጠንቀቅ። ትዝታ የቅኝትም ስም ነው፤ ስንቱ ድምፃዊ በዚሁ ስም ዘፍኗል። በላቲን ፊደልም አንዱ በኢ አንዱ በኤ ይጽፈዋል። ስለዚህ የድምፃዊውን ስምና ዓመቱን ካልጨመርክ አንባቢህ ፍለጋ ገብቶ የሌላ ሰው ትዝታ ይዞ ይወጣል።

5. ቀኑን፣ ዓመቱንና ሰዓቱን ሦስት ጊዜ ቁጠር።

«ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበም የወጣው በ2017 ነው ብለህ ብትጽፍ፣ የእኛን አቆጣጠር የሚያስብ አንባቢ ስምንት ዓመት ተሳስቶ ይሄዳል። አልበሙ የወጣው ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ሜይ 2 ቀን 2017። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትል ዓመት አትጻፍ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። የውጭ ኩባንያ «12 ሰዓት ሌሊት» ሲል በእኛ 6 ሰዓት ሌሊት ነው። በኒውዮርክ እኩለ ሌሊት የሚለቀቅ ዘፈን አዲስ አበባ ሲደርስ ነግቶ ነው፤ በበጋቸው ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው 2 ሰዓት። ይህን ሳያሰላ «ዛሬ ሌሊት» ብሎ ጽፎ ሰው እንቅልፍ ያሳጣ ባልደረባ ነበረኝ።

ከጁላይ 10 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም ሙዚቃ ኩባንያዎች አዲስ ሥራ ዓርብ ዓርብ ለመልቀቅ ተስማምተዋል። የእኛ ገበያ ግን ዓውደ ዓመት ይከተላል። «ጥቁር ሰው» በ2004 ዓ.ም. የወጣው በፋሲካ ዋዜማ ነው። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ጾም ጾሞ፣ ዶሮው ሲወጠወጥ አዲስ ዘፈን የሚፈልግ ሕዝብ አለ፤ ይህን ነጋዴው ያውቃል፣ አንተም እወቅ።

6. ሰንጠረዡን በሙሉ ስሙ ጥራ።

የቴዲ «ኢትዮጵያ» በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። ትልቅ ነገር ነው፤ በሐቁ ያኮራል። «በቢልቦርድ አንደኛ» ብለህ ካሳጠርከው ግን ሁሉም ዓይነት አልበም የሚወዳደርበትን ቢልቦርድ 200 ያስመስልብሃል፤ ያኔ አዋቂ ያርምሃል፣ ሐቁም አብሮ ይጠረጠራል።

«ወርቅ» እና «ፕላቲነም» የሚሉትንም እንዲሁ። በአሜሪካ 500 ሺህ ወርቅ፣ 1 ሚሊዮን ፕላቲነም፣ 10 ሚሊዮን ዳይመንድ ነው። ይህን የሚመድበው የአገሪቱ የሙዚቃ ኩባንያዎች ማኅበር ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ 1,500 ጊዜ በኢንተርኔት መደመጥን እንደ አንድ አልበም ይቆጥራል። የምስክር ወረቀቱም ኩባንያው ሲጠይቅ የሚሰጥ ነው እንጂ በራሱ አይመጣም። በዩቲዩብ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ታየ ማለት አንድ ሚሊዮን ሰው ገዛ ማለት አይደለም። ታየ ከሆነ ታየ በል።

7. «በቅርብ ቀን»ን ዜና አታድርገው።

ድሮ ማስታወቂያው ፒያሳና መርካቶ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ ያዞርና ካሴቱ መውጣቱን አላፊ አግዳሚው በጆሮው ያረጋግጣል። አሁን ፖስተሩ ይቀድማል፣ ከዚያ የ15 ሰከንድ ቅንጫቢ፣ ከዚያ የርዕሱ ይፋ መሆን፣ ከዚያ ነጠላው፣ አልበሙ ከመጣ በመጨረሻ። እያንዳንዱን እንደ አዲስ ዜና ከጻፍከው ያለ ደመወዝ ማስታወቂያ ሠራተኛ ሆነሃል። ቀን ከተቆረጠለት ጻፍ፤ ካልተቆረጠለት ጠብቅ። ቢዮንሴ በዲሴምበር 13 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. 14 ዘፈንና 17 ቪዲዮ የያዘ አልበም ያለ አንዲት ማስታወቂያ ለቀቀች፤ በሦስት ቀን ከ800 ሺህ በላይ ተሸጠ። አንዳንዱ ዝም ብሎ ይመጣል፤ አንዳንዱ ጮኾ ይቀራል።

8. የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤት ሳትጠቅስ አትዝጋ።

ፊት ለፊት የሚታየው ድምፃዊው ነው። ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ስማቸውን የሚያዩት ሽፋን ላይ ነበር፤ ሽፋን በጠፋበት ዘመን ቀሪ ቦታቸው የአንተ ዓምድ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ መብት ይሰጠዋል። አዋጁ ባይኖርም ነውር ነው።

9. ስትሳሳት በዚያው ቦታ አርም።

እኔ ያን ቅዳሜ ማታ የተሳሳትኩትን በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ በራሴ ድምፅ አረምኩት። አፈርኩ፤ ግን በዓመቱ ያው ድምፃዊ የሚቀጥለውን አልበሙን ርዕስ ከማንም በፊት ለእኔ ደውሎ ነገረኝ።

እንግዲህ ዜናህን አሁን ቁጭ ብለህ እንዲህ አስተካክለው፦ የድምፃዊቷ ስም፣ ቀጥሎ የዘፈኑ ርዕስ ሽፋኑ ላይ እንዳለ፣ «ነጠላ ዜማ» የሚለው ቃል ብቻውን፣ ቀኑ ከነዓ.ም.፣ ግጥምና ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን። ሁለት መስመር አይሞላም። እነዚህን ሁለት መስመሮች ለመጻፍ ግን ቢያንስ ሦስት ስልክ መደወል አለብህ። ከድምፃዊቷ ጀምር፤ ነገ ሳትል ዛሬውኑ ደውልላት።